«የሚያቆም ነገር ስጠኝ»፦ ስለማይለቅ ተቅማጥና ያለ ማዘዣ ስለሚገዛ መድኃኒት

ባሕር ዳር ውስጥ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ የሚቆም ሰው ይህችን ቃል ሳይሰማ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። «ዶክተር፣ የሚያቆም ነገር ስጠኝ።» ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ግን በእኛ ከተማ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ ማስተባበሉን ትቼዋለሁ። የሚቆመው ነገር ምን እንደሆነ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም። ድምፁን ዝቅ ካደረገና ከኋላው ወረፋ የያዘውን ሰው ዞር ብሎ ካየ ተቅማጥ ነው።

ስለዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከከተማው ወደብ ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልስ አንድ የጀልባ ነጂ ነው። «ከሚያቆመው» ሁለት ፍሬ ጠየቀኝ፤ ልቆርጥለት ስል «ኧረ እሽጉን ስጠኝ፣ ሁልጊዜ ከምመላለስ» አለኝ። ሁልጊዜ? ለካ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ሲብስበት ይውጣል፣ ይቆምለታል፤ በማግሥቱ ወይም በሳልስቱ ይመለስበታል። «ምን ላድርግ፣ ጀልባ ላይ ሽንት ቤት የለ» አለ። ሦስት ወር ሙሉ የሰፈሩን መድኃኒት ቤቶች እያዳረሰ ገዝቷል፤ «ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነ?» ያለው ሰው አልነበረም። እኔም ሁለት ጊዜ ሸጬለታለሁ።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ የነበረበት ይኸው የጊዜ ጥያቄ ነው። ተቅማጥ የሚባለው በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የላላ ወይም ውኃ የመሰለ ሰገራ ሲኖር ነው። ሁለት ሳምንት ካልሞላው አጣዳፊ ይባላል፤ አራት ሳምንት ካለፈው ሥር የሰደደ ነው። አጣዳፊው አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ ያመጣው ስለሆነ ፈሳሽ እየተካን ከታገሥነው በራሱ ይሄዳል። ወር ያለፈው ግን በራሱ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ሄዶ ነበር፤ የሚያቆየው ነገር አለ። ለሦስት ቀን ተቅማጥ ደግ የነበረው ካፕሱል ለሦስት ወሩ የበሽታው መደበቂያ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

«የሚያቆመው» ስሙ ሎፔራማይድ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ቤልጂየም ውስጥ ጃንሰን በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ተሠራ፤ ዛሬ በብዙ አገሮች ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። አንዷ ፍሬ 2 ሚሊ ግራም ትይዛለች። የዘር ሐረጉን ስነግራቸው የሚደነግጡ ደንበኞች አሉ፤ የሞርፊን ዘመድ ነውና። ሞርፊን የሚወስድ ሕመምተኛ ያስታመመ ሰው የሆድ ድርቀቱን ያውቀዋል። ሎፔራማይድ ያንኑ የማድረቅ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን በተለመደው መጠን ከተወሰደ በአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ያለ ዘበኛ ፕሮቲን እየመለሰ ያስወጣዋል። ስለዚህ አያፈዝም፣ ሕመምም አያስታግሥም። ሥራው አንጀት ላይ ብቻ ነው።

አንጀት ላይ ምን ይሠራል? በቀን ውስጥ ወደ አንጀታችን ከ8 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ይገባል። ከአፋችን የሚገባው 2 ሊትር ያህሉ ነው፤ ቀሪውን ምራቁ፣ ጨጓራው፣ ሐሞቱ፣ ቆሽቱና አንጀቱ ራሱ ያመነጩታል። ከዚህ ሁሉ በጤነኛ ሰው ሰገራ የሚወጣው አንድ ብርጭቆ አይሞላም። የቀረው ተመጥጦ ወደ ደም ይመለሳል። ለመመጠጥ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ አንጀት ከቸኮለ ውኃው እንደመጣ ያልፋል። ሎፔራማይድ የአንጀቱን ጡንቻ ያረጋጋና መመጠጫ ጊዜ ይገዛል። የባሕር ዳር ሰው ጨረጨራን ያውቃል፣ አባይ ከጣና ሲወጣ የሚቆጣጠረውን በር። በሩ ሲዘጋ ወንዙ ይቀንሳል እንጂ ከሐይቁ በላይ የሚዘንበው ዝናብ አይቀንስም። ካፕሱሏም በር ናት፤ ስለ ዝናቡ የምታውቀው ነገር የለም።

በር መጥፎ ነገር ነው ማለቴ አይደለም። ሎፔራማይድ ሲጠየቁ ፊታቸውን የሚያጠቁሩ የሙያ ጓደኞች አሉኝ፤ በዚህ አልስማማም። ምርመራ አድርጎ ምክንያቱ የታወቀለት ሰው፣ ለምሳሌ ሐኪሞች አይቢኤስ የሚሉት ቁጡ አንጀት ያለበት፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት ለዓመታት ሊጠቀምበት ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው አንጀቱ አልቆሰለም፤ የሚያስቸግረው መቸኮሉ ነው። ጠዋት ቁርስ በልቶ ቡና ሲጠጣ ይነሣበታል፤ ፈተና ወይም መንገድ ሲኖርበት ይብስበታል፤ ሌሊት ግን ከእንቅልፉ አያስነሣውም። ይህች የሌሊት ነገር ትልቅ ምልክት ናት። ቁጡ አንጀት ባለቤቱ ሲተኛ አብሮ ይተኛል። ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ሌላ ነገር ነውና ከመድኃኒት ቤት መስኮት ወደ ሐኪም መተላለፍ አለበት።

አወሳሰዱ ላይ የማያቸው ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ችኮላ ነው። አንድ ፍሬ ውጦ ግማሽ ሰዓት ይጠብቅና «አልሠራም» ብሎ ሌላ ይደግማል። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከፍ ወዳለው መጠን የሚደርሰው ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ የደመረው ሰው ማታ ሁሉንም አንድ ላይ ያገኘዋል። ለአዋቂ የተለመደው አወሳሰድ መጀመሪያ ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ ከእያንዳንዱ የላላ ሰገራ በኋላ አንድ አንድ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሚወስድ ሰው ወሰኑ በ24 ሰዓት ውስጥ 8 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አራት ፍሬ ነው። ለአጣዳፊ ተቅማጥ ተወስዶ በሁለት ቀን ካላሻለ ይቆማል። ሐኪም ሥር ለሰደደው እስከ 16 ሚሊ ግራም ሊፈቅድ ይችላል፤ ይህ ግን እያዩ የሚደረግ ነው። ወሰኑን አብዝቶ ያለፈ ሰው የልቡ ምት ሊዛባበት ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2016 እ.ኤ.አ. ያስጠነቀቀው በዚሁ ጉዳይ ነበር። ሪቶናቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ወይም እንደ ኬቶኮናዞል ያለ የፈንገስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ በትንሹም ሎፔራማይዱ ደሙ ውስጥ ሊበዛበት ስለሚችል አስቀድሞ መናገር አለበት።

ሁለተኛው ስህተት ከበድ ይላል። ደም የተቀላቀለበት ወይም ከትኩሳት ጋር የመጣ ተቅማጥ ላይ በሩን መዝጋት መርዙንና ተሕዋሱን ቤት ውስጥ ቆልፎ መያዝ ነው። አንጀቱ የቆሰለ ሰው እንዲህ ሲደረግበት ትልቁ አንጀቱ ተነፍቶ እስከ ቀዶ ሕክምና ሊያደርሰው ይችላል። አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ቆይተው ከዚያ ወዲህ የጀመረ ከባድ ተቅማጥም እንዲሁ ነው፤ አይዘጋም። ልጅ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ከሁለት ዓመት በታች ክልክል ነው፤ ከዚያ በላይ ላሉትም እኔ ያለ ሐኪም አልሰጥም። አንጀታቸው ጨርሶ ሊቆምና ሆዳቸው ሊነፋ ይችላል። «ለልጄ ግማሿን ክፈልልኝ» የሚል አባት ሲመጣ እምቢ ብዬ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ እሰጠዋለሁ፤ አንዳንዱ ተቆጥቶ ወደ ጎረቤት መድኃኒት ቤት ይሄዳል።

«የሚያቆም» ብሎ የማይመጣው ደግሞ «ሜትሮ ስጠኝ» ብሎ ይመጣል። ሜትሮኒዳዞልና ወንድሙ ቲኒዳዞል እንደ አሜባ ያሉ የአንጀት ተሕዋስያንን የሚገድሉ፣ በማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶች ናቸው። በተግባር ግን እንዴት እንደሚሸጡ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ሸፍኜ የማወራበት ምክንያት የለም። ቀድሞ ታይቶበት «አሜባ ነው» የተባለ ሰው ሆዱ በተነካ ቁጥር አሜባው እንደተነሣ ያምናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት አሜባዎች አሉ። አንዱ አንጀት ያቆስላል። ሌላው፣ ዲስፓር የሚባለው፣ አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ማንንም የማይነካ እንግዳ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ የዋጠ አሜባ ካልታየ በስተቀር ተራው ምርመራ አይለያቸውም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «አሜባ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ሁሉ በአሜባ ታሟል ማለት አይደለም፤ እንግዳው በቤቱ ተገኘ እንጂ ሌባው እሱ መሆኑ አልተረጋገጠም። እውነተኛው አቁሳይ አሜባ ሲሆንም ሜትሮ ብቻውን አይጨርሰውም። ሥጋ ውስጥ የገባውን ይገድላል፤ አንጀት ውስጥ የቀረውን፣ ሽፋን ለብሶ የሚቀመጠውን ሲስት ለማጽዳት ሌላ መድኃኒት ይከተላል። «ሦስት ጊዜ ወስጄ ሦስት ጊዜ ተመለሰ» የሚለው ታሪክ አንዳንዴ መነሻው ይህ ነው።

አረቄ ትል ያቃጥላል የሚባለው ነገር ደግሞ ከሜትሮ ጋር ሲገናኝ ጣጣ ያመጣል። ትሉ አይቃጠልም። ከአልኮል ጋር የተወሰደ ሜትሮ ግን ፊት ሊያቀላ፣ ሊያስመልስ፣ ልብን ሊያስደልቅ ስለሚችል ጠላም ሆነ አረቄ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ቲኒዳዞል ከሆነ ሦስት ቀን ይቆያል።

ከአሜባ ይልቅ በእኛ አካባቢ ወር ለሚያልፍ ተቅማጥ ጃርዲያ የሚባለውን የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ቀድሜ እጠረጥራለሁ። ሰገራው ይገማል፣ ቅባት ያለው ይመስላል፣ ይንሳፈፋል። ሆድ ይነፋል፤ ግሣቱ የገማ እንቁላል ይሸታል። ደም የለውም። ጃርዲያ አንድ ቀን ሰገራ ውስጥ ይታያል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ናሙና «ምንም የለም» ቢል አያስደንቅም፤ በተለያየ ቀን የተወሰደ ሦስት ናሙና የተሻለ ይይዘዋል።

ሕክምናው ከተወሰደ በኋላ የሚሆነው ነው ሰውን ግራ የሚያጋባው። ጃርዲያው ሞቷል፣ ተቅማጡ ግን አለ። ምክንያቱ ወተት ሊሆን ይችላል። ጃርዲያ የትንሹን አንጀት ውስጠኛ ሽፋን ሲጎዳው የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ኢንዛይም አብሮ ይጎዳል፤ ለሳምንታት ያህል ወተት የጠጣ ሁሉ ያስቀምጠዋል። ሰውዬው ግን ጃርዲያው አልለቀቀኝም ብሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር ሜትሮ ይገዛል። ማቆም የነበረበት ማኪያቶውን ነበር።

ጃርዲያ ባይኖርም ወተት በራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ከልጅነቱ ሲወጣ ላክቶስን የመፍጨት አቅሙ ይቀንሳል። ፈረንጆቹ ይህን ለማወቅ በሽተኛውን ለሁለት ሳምንት ወተት አስትተው ያዩታል። የእኛ ጿሚ ይህን ምርመራ በየዓመቱ በነፃ ያደርገዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሆዱ ሲያስቸግረው የከረመ ሰው ጾሙ ከገባ በኋላ ጸጥ ካለለትና ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ከተመለሰበት ወተቱን ይጠርጥር። እርጎ ላክቶሱን ያረጋው ባክቴሪያ በከፊል ስለሚበላው ከትኩስ ወተት ይሻላል፤ ቅቤ ውስጥማ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል። በተቃራኒው ጾም ሲገባ የሚብስበትም አለ። ሽሮው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ቁጡ አንጀት ያለበትን ሰው ሆድ ይነፋሉ። ስንዴና ገብስ ሲበላ ብቻ የሚታመም ካለ ደግሞ ለሐኪም ይንገር፤ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ግሉተን የሚባለው የስንዴና የገብስ ፕሮቲን የለበትም፣ ዳቦውና የገብስ ጠላው ግን አላቸው። ደንበኞቼን ይህን የጾምና የፍስክ ጥያቄ መጠየቅ ከጀመርኩ ወዲህ የሜትሮ ገበያዬ ትንሽ ቀንሷል። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አልወደደውም።

ሌላው የሚረሳው መድኃኒት ራሱ ነው። አንዲት እናት ለወራት ያስቀምጣቸው ነበር። የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ ለመንኳቸው። ከፌስታሉ ሦስት ጠርሙስ የጨጓራ ፈሳሽ ወጣ። «እማማ፣ ይህን በቀን ስንት ጊዜ ይጠጡታል?» ብላቸው «እንደ ውኃ ነው እንጂ ልጄ፣ ሲያቃጥለኝ ሁሉ» አሉኝ። የጨጓራ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ማግኒዥየም አለበት፤ ማግኒዥየም ሆድ ያላላል። የስኳር ሕመምተኞች የሚወስዱት ሜትፎርሚንም በዚህ የታወቀ ነው፤ በተለይ ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር። ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል፤ ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት ደግሞ ለብዙዎች ይሻላል፤ ሐኪም ሊቀይረው ይችላል። ሜትፎርሚን ለሚያመጣው ተቅማጥ ሎፔራማይድ ደርቦ መኖር የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር ባልዲ እንደ ማስቀመጥ ነው። ኮሶ ጠጥቶ ሆዴ አልቆመም የሚልም ይመጣል፤ ኮሶ ራሱ የሚያስቀምጥ ነገር መሆኑን ረስቶት ነው።

አሁን ወደ ሐይቁ። በጣና ዳር ለሚኖር ሰው፣ በተለይ ውኃ ውስጥ ለሚገባ፣ ከሌላው ከተማ ሰው የተለየ አንድ ጥያቄ አለ፤ ብልሃርዚያ። ባሕር ዳርም፣ ዘጌም፣ ጎርጎራም የታወቀ የአንጀት ብልሃርዚያ አገር ናቸው። ሰው ውኃ ሲጠጣ የሚይዘው ይመስለዋል። ትሉ የሚገባው ግን በቆዳ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ ዕንቁላሉ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለችው እጭ ባዮምፋላሪያ የምትባል ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብታ ትባዛለች፤ ከሳምንታት በኋላ በዓይን የማትታይ ባለ ጭራ ሆና ወደ ውኃው ትለቀቃለች። የዋናተኛ ልጅ እግር፣ የአጣቢዋ እጅ፣ ታንኳ ላይ ውኃ ነክቶት የሚውለው የአሣ አጥማጁ ቁርጭምጭሚት ካገኘች በደቂቃዎች ውስጥ በስታ ትገባለች። ቀንድ አውጣዋ ሣር የበዛበት ጸጥ ያለ ዳርቻ ትወዳለች፤ ሰውም ለማጠብና ለመዋኘት የሚመርጠው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው።

ያደጉት ትሎች የሚኖሩት አንጀት ውስጥ ሳይሆን በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ነው። ሴቷ በየቀኑ ዕንቁላል ትጥላለች፤ ከፊሉ አንጀቱን ሰንጥቆ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ተቅማጡ፣ ቁርጠቱ፣ አልፎ አልፎ የሚታየው ደም የዚያ ነው። ከፊሉ ግን መውጫ አጥቶ አንጀቱ ግድግዳና ጉበቱ ላይ ይቀበራል። ዓመታት ሲያልፉ ጉበቱ ይጠነክራል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ሰው ደም ያስታውካል። ሎፔራማይድ ለዚህ ምንም አያደርግም፤ ሜትሮም፣ ለወስፋት የምንሸጠው አልቤንዳዞልም አይነኩትም። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። በሰውነት ክብደት ተሰልቶ ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊ ግራም፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ያልቃል። ያላደጉትን ትሎች በደንብ ስለማይገድል ግን በቅርብ ሳምንታት ውኃ ውስጥ የገባ ሰው መድገም ሊያስፈልገው ይችላል።

በነገራችን ላይ ብልሃርዚያን በመዋጋት የእኛ ሰው ስም ትልቅ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተከማችተው አየና እንዶድ ቀንድ አውጣዋን እንደሚገድል ለዓለም አሳየ። ስለዚያ ለብቻው መጻፍ ይሻላል።

ምርመራውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ላብራቶሪ ስትሄዱ «ተቅማጥ» ብቻ አትበሉ፤ «ሐይቅ እገባለሁ» በሉ። በተራው መንገድ በጥቂት ናሙና የሚደረገው ምርመራ ዕንቁላሉን ሊስተው ይችላል፤ ካቶ ካትዝ የሚባል ወፈር ያለ ናሙና የሚያይ ዘዴ ይሻላል። ከውኃው ንክኪ በኋላ ዕንቁላል ለመታየት ወር ከምናምን ስለሚወስድ በሳምንቱ የተደረገ ምርመራ ነፃ ቢል አይታመንም። ናሙናው ትኩስ ይሁን፣ ሽንት አይቀላቀልበት። ማታ የተቀመጠ ሰገራ በማግሥቱ ማምጣት ልፋት ነው፤ የሚንቀሳቀሱት ተሕዋስያን እስከዚያ ሞተው ቅርጻቸው ይጠፋል።

ምርመራው እስኪደርስ ሰውነትን የሚያቆመው ፈሳሽ ነው። ኦአርኤስ ርካሽ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከመደርደሪያዬ አንድ ነገር ብቻ አስቀር ብባል እሱን አስቀራለሁ። ስኳሩ ለጣዕም የገባ አይደለም፤ ትንሹ አንጀት ጨውን ከስኳር ጋር ጎትቶ ያስገባዋል፣ ውኃው ይከተላቸዋል፤ ይህ በር በተቅማጥ ጊዜም አይዘጋም። የተለመደው እሽግ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ውኃ ነው። ችግሩ ሃይላንድ ላይ ነው። ብዙ ሰው ያገኘውን ግማሽ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ እሽጉን በሙሉ ይጨምርበታል፤ ይህ ጨዉ እጥፍ ይሆናል፣ በተለይ ለሕፃን አደገኛ ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። እሽግ ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ያገለግላል። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። የፎገራ ሩዝ እየበዛልን ነውና ቀጠን ያለ የሩዝ ሾርባ ጨው ጣል ተደርጎበት ለአዋቂ ጥሩ ነው። ጡት የሚጠባ ልጅ ጡት አይከለከልም።

ውኃ ማፍላትን በተመለከተ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2000 ሜትር በላይ፣ ደብረ ታቦርን በመሰለ ደጋ፣ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውኃ አጋር የሚባለው የክሎሪን ማከሚያ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ጃርዲያ ግን ክሎሪንን ስለሚቋቋም ሆዱ ለከረመበት ሰው ማፍላቱን እመርጣለሁ።

ያለ ማዘዣ ሙከራ የሚያበቃበት ቦታ ግልጽ መሆን አለበት። ሰገራ ላይ ደም ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ከታየ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሰውነት ከስቶ ልብስ ከሰፋ፣ ሌሊት ከቀሰቀሰ፣ ወይም ከ45 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የሆዱ ልማድ በድንገት ከተለወጠ ካፕሱል አይገዛም፤ ይመረመራል። ውኃ የመሰለ ተቅማጥ ከትውከት ጋር በሰዓታት ውስጥ ካደከመ አተት ሊሆን ስለሚችል እየጠጡ ወዲያው ጤና ተቋም መድረስ ነው። ወር ያለፈው ተቅማጥ የኤችአይቪ ምርመራ ያስፈልገዋል ስል ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ አሉ፤ ማንንም ጠርጥሬ አይደለም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ የወር ተቅማጥ ሐኪሞች የበሽታውን ደረጃ ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ ስለሆነ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን መብዛትና የአንጀት ቲቢም በዚሁ በር ይመጣሉ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፤ የጤና መድን ያለው ሰውም መነሻው እዚያ ነው። ካስፈለገ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይልኩታል።

የጀልባ ነጂው ለምርመራ ሄደ። በመጀመሪያው ናሙና ምንም አልተገኘም፤ ተበሳጭቶ መጥቶ «አላልኩህም!» አለኝ። በሁለተኛው የብልሃርዚያ ዕንቁላል ታየ። ክብደቱ 60 ኪሎ ነው፤ የታዘዘለት 600 ሚሊ ግራም ያላቸው አራት ፍሬ ፕራዚኳንቴል ነበር። ምግብ በልቶ እንዲወስድና ስለሚያዞር ያን ቀንና በማግሥቱ ጀልባ እንዳይነዳ ነገርኩት፤ ከተቅማጡ ይልቅ ያበሳጨው የሁለት ቀን ገቢ ማጣቱ ነበር። ተቅማጡ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ለቀቀው። «ሥራዬ ውኃ ላይ ነው፣ ተመልሶ አይዘኝም?» ሲለኝ ሊይዝህ ይችላል አልኩት። ጀልባ ስትገፋ ረጅም ቦት ጫማ አድርግ፣ በዓመት አንዴ ተመርመር። ጫማውን ገዝቷል። ባለፈው ሳምንት ወደቡ ላይ ሳየው ከመቀመጫው ሥር በንጽሕና አስቀምጦት፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ በባዶ እግሩ ጀልባውን እየገፋ ነበር።